ቁልፍ የጎደለው ኮት

ኅዳር 4
እንደ ወትሮው። የፕላኔታሪየሙ ጉልላት ሥር ቆሜ ለጎብኚ ከዋክብት ሳሳይ ዋልኩ። ጠዋት ተማሪዎች፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጡረተኞችና አንድ የሚያንኮራፋ ሰውዬ። ፕሮጀክተሩ ዛሬም ጋለ። ነገ አክስቴ ትመጣለች... የምሠራበትን አይታ አታውቅም። ሸሚዝ ልተኩስ።

ኅዳር 5
መጣች። ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አቅፋ። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ አምና ከሞተ ወዲህ ከልብስ ስፌት ሱቋ ወጥታ የትም አትሄድም። ኃላፊዬም በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ አፌ አያርፍም።

መጨረሻ ላይ ምን አልኩ? ዩኒቨርስ አንድ ቀን መስፋፋቱን ትቶ ይሰበሰባል፤ ያኔ ጊዜም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የተሰበረው ይገጥማል፣ የሞተው ይነሳል፣ የተነገረ ቃል ወደ አፍ ይመለሳል። አጨበጨቡ። ኃላፊዬ «ይቺን ሁልጊዜ ጨምራት» አለችኝ።

ውሸት ነው ልበል? ድሮ እንደዚያ ያሰቡ ሳይንቲስቶች ነበሩ። በኋላ ተውት። መተዋቸውንም አውቃለሁ... አክስቴ ስትወጣ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ኅዳር 8
ፍሬን ሻይ ላይ ያዘኝ። የትዕይንቱን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሽማግሌው የፊዚክስ ሰው ነው፤ የሰው ግለት ስለሚያቆም ሁላችንም ፍሬን እንለዋለን።

«መስፋፋቱ እየፈጠነ ነው፤ የመመለስ ሐሳብ ያለው አይመስልም» አለኝ። «ቢመለስስ? ዝብርቅርቁ ይብሳል እንጂ ብርጭቆ አይገጥምም። ማን ጻፈልህ?»

«ለማሳመር ያህል እኮ ነው...»

«የፊት ዱቄት ነው እንዴ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ኅዳር 11
አክስቴ ሱቅ ጎራ አልኩ። እያንጎራጎረች ትሰፋለች። አክስቴ! ግድግዳው ላይ የጋሼ ቡናማ ኮት ተሰቅሏል፤ መሃል ላይ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። ሳየው አየችኝ።

«ያን ቀን ጠዋት ቁልፉ ተበጥሶ ስፊልኝ አለኝ» አለች። «የደንበኛ ልብስ አስቸኩሎኝ ነበር። ‹እጅህ አልተቆረጠ፣ ራስህ ስፋው› አልኩት። እንደዚያው ወጣ።»

ፌርማታ ላይ መውደቁን ሁላችንም እናውቃለን። ልቡ ነው አሉ። ይህን ቃል ግን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ታፍርበት ነበር።

«አንተ ከነገርከኝ ወዲህ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል። ያ ቃል ወደ አፌ ይመለሳል አይደል? ኮቱንም ያልነካሁት ለዚያ ነው፤ እንደነበረ ይቆየው ብዬ።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። «እ...» አልኩ። በቃ፣ «እ»! ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ኅዳር 12
ዝም ብልስ? ማንን ጎዳሁ? እንቅልፍ ነው የሰጠኋት...

እንዲህ እያልኩ ሳስብ ራሴን ጠላሁት። በእሷ ኀዘን ነው የተጨበጨበልኝ።

ኅዳር 15
ዛሬም ያንኑ ደገምኩ። ኃላፊዬ ቆማ ነበር። ምላሴን በቆረጠው!

ኅዳር 17
አክስቴ ደወለች። ልጇ የሞተባት ደንበኛ አለቻት። ለእሷም ነግራታለች። «ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቅዳሜ መጥታ ከአንተው አፍ ትሰማለች» አለችኝ፤ በደስታ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በዘር ማንዘራችን ይህን ተረት በፊዚክስ ልሽር የተነሳሁ እኔ ብቻ ነኝ። ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 18
ሳልቀመጥ ነገርኳት። «እቴቴ፣ ያልኩት ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑንም አውቅ ነበር።»

ማሽኑን አቆመች። «ታዲያ ለምን አልክ?»

«እንዲያጨበጭቡልኝ።»

ፊቴ እሳት ሆነ። ቶሎ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉ ነገር እጅግ የታመቀ፣ እጅግ የጋለ ነበር፤ ግን በሚገርም ሁኔታ ልሙጥ፣ የትም ቦታ እኩል። ስበት ሁሉን እየጎተተ ሊያጓጉል ሲችል እንደዚያ ልሙጥ ሆኖ መነሳቱ እምብዛም የማይገኝ ሥርዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ሥርዓት እየተፈታ ነው፤ ከዋክብቱም እኛም የምንኖረው በመፈታቱ ውስጥ ነው። ትናንትና ነገ የሚለዩት በዚያ ነው... አልገባትም። ከጠረጴዛው ጥቅል ክር አነሳሁ።

«ሲጀመር እንዲህ ነበር። አንዴ ከተተረተረ የሚወሳሰብበት መንገድ እልፍ ነው፤ እንዲህ የሚሆንበት ግን በጣም ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የማይመለሰው።»

«መጀመሪያ ማን ጠቀለለው?»

«አይታወቅም፣ እቴቴ። ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደጀመረ እኛ አናውቅም።»

ክሩን ከእጄ ተቀበለችኝ። «በል ሂድ አሁን» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
ትዕይንቱ ሳይጀመር ተናገርኩ። «እዚህ ቆሜ ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሞተ ይነሳል ብያችሁ ነበር። እንደዚያ የሚል ማስረጃ የለንም። አውቄ ነው ያልኩት፤ ይቅርታ።» ኃላፊዬ በሩን ዘግታ ወጣች። ከኋላ ወንበር አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ተነስታ ተከተለቻት። ልሩጥ? ደርሼስ ምን ልላት?

ማንም አላጨበጨበም። ፍሬን «አሁን ጽሑፉን ከመጀመሪያው አብረን እንየው» አለኝ። ከኃላፊዬ ደግሞ ሰኞ እንነጋገራለን የሚል መልእክት ደረሰኝ። ይድረስ።

ኅዳር 26
አክስቴ አስጠራችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን አላነሳችም ነበር፤ እግሬ እየተጎተተ ሄድኩ። ኮቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቁልፉ ተሰፍቷል! ክሩ ከሌሎቹ ትንሽ ይደምቃል።

«እንቅልፉስ?» አልኳት።

«ሄደ። ተወው፣ ሲፈልግ ይመጣል። ልበሰው፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።»

«እቴቴ፣ እኔ ይህን ለመልበስ አፍራለሁ።»

«እኔስ አላፍርም? ልበስ ስልህ ልበስ።»

ለበስኩ። እጅጌው ረዘመብኝ። መርፌ ቁልፎቿን በከንፈሯ ይዛ ልታሳጥርልኝ ጎንበስ ስትል በሩ ተከፈተ። ያቺው ናት፣ ጥቁር የለበሰችው። ቀሚሷን ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ቸኩላለች።

«ትንሽ ጠብቂኝ እህቴ» አለቻት አክስቴ። «የእሱን ልጨርስለት።»

ሴትዮዋን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። ግን አየኋት። «ይቅርታ» አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች፤ ይሁን ማለቷ ነው፣ አይሆንም ማለቷ፣ አላውቅም። መልስ አልጠየቅኳትም።

«እጅህን ዘርጋ» አለችኝ አክስቴ።

ዘረጋሁ።