የሰው ጉበት በአደራ የጠበቁት ሲስተር ተሻለች ይገዙ

ሲስተር ተሻለች በ1958 ዓ.ም. ከሸዋ መጥተው አስኮ ከሠፈሩት ከአቶ ይገዙ ደስታና ከወይዘሮ ወርቅዬ ሞላ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1979 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በ1984 ዓ.ም. ከአቶ ባምላኩ ግዛው ጋር ትዳር መሥርተው፣ ከብዙ ስለት በኋላ አንዲት ልጃቸውን ፋሲካን ወለዱ።

በ1993 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ሕንድ አገር ሄደው በጉበት ንቅለ ተከላ ክፍል ሠሩ። ድርሻቸው ከለጋሹ የወጣው ጉበት ለታማሚው እስኪተከል እንዳይጎዳ መጠበቅ ነበር። ውስጡ የቀረውን ደም በቀዝቃዛ መድኃኒት ያጥባሉ፣ በበረዶ መካከል ያኖሩታል፤ ደም ሳያገኝ ሙቀት ከነካው ይጎዳልና ማንንም አያስጠጉም። "የሰው አደራ ነው፣ ዞር በሉ!" ሲሉ ቀዶ ሕክምናውን የሚመሩት ፕሮፌሰርም ዞር ይሉ ነበር አሉ። ቁጡ ነበሩ እንዴ? ኧረ በደንብ! በ2010 ዓ.ም. ተመልሰው ቤቴል ከገቡ ወዲህ በቅርጫ ቀን የበሬውን ጉበት አለአግባብ የሚያንገላታ ሰው ካዩ አይምሩትም፤ እኛም በሳቅ እንፈርስ ነበር።

አምና ግን የራሳቸው ጉበት ታመመ። መዳኛው ንቅለ ተከላ ብቻ ነበር፤ የተስማማቸውም ከፋሲካ ጉበት ተቆርሶ የሚሰጠው ሆነ። ሐኪሞቹ አደጋ ቢኖረውም ይሞከራል ሲሉ፣ እሳቸው የምርመራውን ምስል ራሳቸው አይተው ለልጄ የሚቀርላት አይበቃትም ብለው እምቢ አሉ። ፋሲካ አለቀሰች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ሲያቅታት በገዛ እናቷ ላይ ሽማግሌ ላከች። የእድራችን ዳኛ አቶ ኪዳንና የጥንት ጎረቤታችን ሐጂ አብደላ አልጋቸው አጠገብ ቆሙ።

"ተሻለች፣ በሞቴ እሺ በይ" አሉ ሐጂ።

"ሐጂ፣ የባዳውን ሁሉ ስጠብቅ ኖሬ የራሴን ልጅ ላስጎዳ? አያስቡት።"

ሽማግሌ ባዶ እጁን በማይመለስበት ሰፈር ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። አንጀት ይበላል! ግን ማን ደፍሮ ተሳሳቱ ይበል?

ሲስተር ተሻለች ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በልጃቸው እቅፍ ውስጥ አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ባምላኩ፣ ልጃቸው ፋሲካና ይህን የጻፈው ወንድማቸው ግሩም በሐዘን ቀርተናል።

እግዚአብሔር ለደከመች ነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለፋሲካም ረጅም ዕድሜን ይስጥልን፤ እናቷ የፈለጉት ይህንኑ ነበር።