በሰው ዘፈን ውስጥ ያለች ሳቅ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3። ከሥራ በፊት።

ዛሬም ኢሜይል። ከጀርመኗ ጠበቃችን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ፣ ቢሮዬ በር ላይ ፓርክ አድርጌ አነበብኩት። አባዬ የከሰሰው ዲጄ አሁንም ሙጭጭ ብሏል። ፓስቲሽ ነው ይላል፤ የሰውን ሥራ አስመስሎ መጫወት። እዚያ ሕጉ ይህን ያለ ፈቃድ ይፈቅዳል አሉ። ከሰው ዘፈን ቆርጦ መቀጠልስ? በዚህ ላይ ሌሎች ሙዚቀኞች እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተዋል። ምኑ ነው ማስመሰል? የአባዬን አኮርዲዮን እንዳለ ቆርጦ ዳንስ ቤት ወሰደው እንጂ! ስሚኝማ ማስታወሻዬ፣ ለስርቆት እንዲህ ያለ ቆንጆ ስም አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6። ከሥራ መልስ።

ጠበቃዋ ማስረጃ ፈለገች፤ የተጫወተው አባዬ ስለመሆኑ። እኛ ጋ የነበረው ካሴት የለም። ገና አዲስ አበባ እያለን ቴፑ በልቶታል። አባዬ እስከ ዛሬ የዲጄውን ዘፈን አልሰማም ብሎ ነበር። ለምኜ ከፈትኩለት። ክው አለ። ከአኮርዲዮኑ ጀርባ ሴት ትስቃለች። እኔ የዲጄው ጭማሪ ነበር የመሰለኝ። እማዬ ናት! እኔ የማስታውሳት ታማ ነው። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ያኔ ምን ስቱዲዮ አለ። ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው ይቀዳሉ። አባዬ አንድ ቁልፍ ሳተ። በር ሥር የተቀመጠችው እማዬ ሳቋ አመለጣት። እንደገና እንቅዳ ሲሉ መብራት ጠፋ፤ ሙዚቃ ቤቱ ደግሞ በማግስቱ ይፈልገዋል። እንዳለ ተሸጠ። ሲያወራልኝ ፈገግ እንዳለ ነው። ናፈቀችኝ። ያላየሁት ወጣትነቷ ሁሉ ናፈቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11።

አሸነፍን! የዚያን ቀን ከበሮ የመታው ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ አለ። ዘፈኑን ላኩለት። የምትስቀው ማን ናት ሳንለው የእማዬን ስም ጠራ፤ መብራት መጥፋቱንም ተናገረ። ጠበቃዋ ይህንኑ ለዲጄው ወገን አቀረበች። ፈሩ። ዘፈኑን ከየቦታው እናጥፋና እንታረቅ አሉ።

አባዬን ላበስር ወደ ሥራው፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ በመኪናዬ በረርኩ። ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የሆቴል ሹትል ነው የሚነዳው። መንገደኞች እያወረደ አገኘሁት። በሩ ሲከፈት የሚሰማው ምን ይሆን? ያው ዘፈን! ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ አልከፈተም። አንዲት አሜሪካዊት ከእማዬ ጋር እየሳቀች ወረደች።

ነገርኩት። ደስ አላለውም። ሞተሩን አጠፋ።

«ዲሊት ካደረጉት የት እሰማታለሁ?»

አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ። የመኪና ማቆሚያው ውስጥ አብረን አለቀስን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12። ጠዋት።

ለጠበቃዋ ጻፍኩ። ዘፈኑ አይጥፋ፤ ስም ይግባበት። ተቆጣች። ያለቀ ነገር ታበላሻላችሁ፣ ድርድሩ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ አለች። አባዬን ጠየቅኩት። ይጀመር አለ።

እሺ፣ ስማችሁን እንዴት ልጻፈው አለች ጠበቃዋ። አባዬ አጠገቤ ቆሞ አጻፈኝ። መጀመሪያ የራሱን፣ አኮርዲዮን። ከዚያ ከሥሩ፦

አስካለ፣ ሳቅ።