የወጥ እንጨቱ ጊታር

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ባለቤቴ ፋንታዬ ትጽፋለች። ቃል እንዳትጨምር፣ ቃል እንዳትቀንስ ተስማምተናል። ደብተሩን ከሁለታችን ሌላ የሚያየው የለም። ነገ ያልኩትን ብረሳ ይኸው ተጽፏል።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። መልስ ላይ ከሀዋ ሱቅ ምስርና ሽንኩርት ገዛን። ደህና ቀን... ከጊታሩ ክርክር በቀር።

የመዘምራኑ አሮጌ ጊታር አንገቱ ጎብጧል። በኮሮናው ጊዜ ዙም ላይ ስንዘምር ማን አየው? አዳራሽ ስንመለስ ጉዱ ወጣ። ሳውንድ የሚይዘው ጎሳዬ «ኦንላይን ኦርደር አደርጋለሁ፣ በሁለት ቀን ይደርሳል» አለና ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ።

«ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከእንጨት ነዋ፣ ጋሼ!»

«ከምን እንጨት?»

«ያው... እንጨት።»

አርባ ዓመት አናጢ ለነበርኩ ሰው «እንጨት» ይለኛል! ኮምፔርሳቶም እንጨት ነው። ስስ ስሱን ደራርበው በኮላ ያጣበቁት። «ጌታን በኮምፔርሳቶ ልናመሰግን ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሳቀ። ፓስተሩ ግን ሳይስቅ «እንግዲያው ጋሼ ሽፈራው ይምረጡልን» አለ።

እመርጣለኋ! ምን ያስፈራኛል?

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ሶልያና በመኪናዋ ወሰደችኝ። ጊታር የምትጫወተው እሷ ናት። ጋሃና የሚባል ሰፈር አንድ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ የሽማግሌ አመል ትችላለች።

ሱቁ ግድግዳው ሁሉ ጊታር ነው። ሻጩ ፂማም ፈረንጅ ነው። መጀመሪያ ያወረደልን እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያብለጨልጭ። የሆዱን ቀዳዳ ከንፈር አየሁት... ድርብርብ፣ እንደ ኬክ። «መልስልኝ» አልኩ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ከላይ ፊቱ ላይ የሚሄደው የእንጨቱ መስመር፣ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ወጥ ነው። ፊቱ ከአንድ ግንድ የወጣ። ፊቱ የፈረንጅ ጥድ፣ ጀርባው ማሆጋኒ የሚሉት ቀይ እንጨት። መስመሩ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው። በጣቴ አጥንት አንኳኳሁት፤ መለሰልኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱ ላይ እንደ ጣውላ አነጣጠርኩ። ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ሙዚቃ ያውቃሉ እንዴ?» አለች ሶልያና።

«እኔ እንጨት አውቃለሁ። ሙዚቃው ያንቺ ነው።»

ተጫወተችው። ከዚያ ገመድ ሰክተው በድምፅ ማጉያ ሞከሩት። «ጋሼ፣ ድምፁ ሲሰካም ሳይሰካም ያው ራሱ ነው! እሱ ነው!» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለእንጨት! ደስ አለኝ፤ አላሳየኋትም።

ስንወጣ ሻጩ ብዙ ተናገረ። «ምን ይላል?» አልኳት።

«በዚህ አገር ክረምት ቤት ውስጥ ይደርቃል፣ እርጥበት የምትሰጥ ትንሽ ነገር ከጎኑ ይግባ ይላል።»

እንጨት ላይ ውሃ? ደረቅ እንጨት ለማግኘት ስንት ዓመት ጣውላ ከምሬ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። «እግዜር ይስጥልኝ በይው» አልኳትና ወጣሁ።

ጥቅምት 28

ጊታሩ እኔ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። አዳራሹን ከሌሎች ጋር ነው የምንከራየው፣ ዕቃ ይጠፋል። የኔ ቤት አምስት ደቂቃ ነው። ሶልያና ረቡዕ ለልምምድ፣ እሑድ ለአምልኮ መጥታ በሣጥኑ ከደጅ ተቀብላኝ ትወስደዋለች፣ ትመልሰዋለች።

በሰው ፊት ተናገርኩ፦ «ይሄ ጊታር እኔን ይቀብረኛል።» ተጽፎ ይቀመጥ።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ብርዱ ገባ። ሆሳዕና ከተማ ሳለን የቤተ ክርስቲያናችንን ከበሮ የምሠራው፣ የምመታውም እኔ ነበርኩ። ከበሮ ከአምልኮ በፊት ይሞቃል። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ድምፁ ይሞታል። ከፍም አጠገብ ታስጠጋዋለህ፣ መታ መታ ታደርገዋለህ... ሲወጠር እንደ ነጎድጓድ ይናገራል። ይህን ሳላደርግ አንድ እሑድ አልገባሁም።

ጊታሩን ማን ያሞቀዋል? እኔ። ወለላችን ላይ ሙቀት የሚተነፍስ ቀዳዳ አለ። በላዩ ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁና ለነገው አምልኮ ሰቀልኩት። ክሮቹን በነጠላ ቁራጭ ወልውያለሁ።

ፋንታዬ «ኸረ አንተ ሰውዬ፣ ሻጩ ያለው ነገር...» አለች። ጻፊ ብቻ አልኳት።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

እንደ ደወል ነው ዛሬ የጮኸው! ጎሳዬ ከማሽኑ ኋላ ተነሥቶ መጣ። «ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። እኔ ያልኩት ቢገዛ ኖሮ አፍር ነበር።»

«ታፍር ነበር» አልኩት።

ማሞቁ ነው የሠራው። ቅዳሜ ብቻ ምን ያደርጋል? ከአሁን ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ይዋል።

ታኅሣሥ 26

ብርድ። ከአልጋ አልወጣሁም። ጊታሩ ይሞቃል፣ እኔ እንቀጠቀጣለሁ።

ጥር 8፣ እሑድ

በረዶ ሳይጥል ለመመለስ ቶሎ አዳራሽ ገባን። ሶልያና ሣጥኑን ከፈተች። «ጋሼ...» አለች። ሄድኩ።

ተሰንጥቋል። ፊቱ ላይ፣ ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት እስከ ጫፉ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር።

ጎሳዬ «ረቡዕ ከጋሼ ቤት አምጥተሽው የመኪናሽ ትራንክ ውስጥ ነበር። ፓርኪንግ ላይ አይቻለሁ። በዚህ ብርድ!» አላት።

«አዳራሹ እስኪከፈት ሠላሳ ደቂቃ ነው! አይ ስዌር፣ ሠላሳ ደቂቃ!»

«ውድ ዕቃ በትራንክ ይጫናል?»

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ልጅቷ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ ታለቅሳለች። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እንጨት አዋቂው እኔ ነኛ። «ጋሼ፣ ብርድ ነው አይደል?» አለኝ ጎሳዬ።

እኔ ምን አልኩ?

ፋንታዬ፣ ይችን መስመር ባዶ ተያት።

. . . . . . . . . .

ጥር 11

ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ዋልኩ። ጣቴን በአንገቱ ጠርዝ ሰደድኩ። እዚያ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው ወጥቶ ጫረኝ። ስንገዛው እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነበር... ብረት አያድግም። እንጨቱ ነው የሸሸው። ደርቆ፣ ጠቦ፣ ብረቱን ትቶት ሸሸ። ስንት በር ሠርቼ በበጋ ሲሸሽብኝ አይቻለሁ! ይህን የአናጢ ተለማማጅ እንኳ ያውቀዋል።

ቆዳ ሲሞቅ ይወጠራል። እንጨት ሲሞቅ ይሸሻል። እኔ እንጨቱን እንደ ቆዳ ያዝኩት።

ትራንክ አይደለም። ሚስማሩ ነው። የኔ ሚስማር።

ፋንታዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ታዲያ ልጅቷስ?» አለችኝ።

አንሺና ጻፊ አልኳት። የምጽፈው አጣሁ አለች።

ጥር 14፣ ቅዳሜ

ሶልያና ኮል አደረገች። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ጊታሩ ከእጇ ይውጣ ብሏል። ከመዘምራንም ልትወጣ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ያን ያህል ደክመው የመረጡትን...»

እኔን ይቅርታ! እሷ እኔን!

ከሚስማሩ አውርጄዋለሁ። ሚስማሩንም ነቅያለሁ። ግድግዳው ላይ ቀዳዳው ቀርቷል።

ጥር 15፣ እሑድ

ማስታወቂያ ሲነበብ ተነሣሁ። ማይክ ሰጡኝ፤ አልፈለግኩም። ድምፅ አለኝ።

«ጊታሩን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ማሞቂያ ላይ ሰቅዬ እንደ ከበሮ አሞቅኩት። ሻጩ ነግሮኝ ነበር፣ ንቄ ወጣሁ። ሶልያና የለችበትም። ባለፈው እሑድ ስትጠይቁኝ ስለ ማሞቂያው አልነገርኳችሁም። ኮሚቴው የሚቀጣው ካለ እኔን ይቅጣ። ጨረስኩ።»

አንድ ልጅ ብቻ ያስላል። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል እትዬ ዘውዴ «ሽፈራው ተሳሳትኩ አለ? እልልል!» ብላ አቀለጠችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም... ትንሽ።

ጎሳዬ ሄዶ ሶልያና ፊት ቆመ። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ራሱን ሲያክ አየሁት። እሷ ስታልፍ ክንዴን ይዛ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለችኝ። አልገባኝም። አልጠየቅኩም።

መኪና ውስጥ ፋንታዬ «ባለፈው እሑድ ብትለው ምን ነበረበት?» አለች። ይህንንም ጻፊው።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ከሶልያና ጋር ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ሄድን፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ። ቶሚ የሚባል የኔ እኩያ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ጊታር ይጠግናል። ገና ስገባ ሽታው... መጋዝ ብናኝና ኮላ። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ጊታሩን አየ፣ ብረቶቹን በጣቱ ዳበሰ፣ ወደኔ አየ። በእጄ ሚስማር ስመታ፣ ከታች ሙቀት ሲወጣ አሳየሁት። ግንባሩን ያዘ። ሶልያና ትስቃለች።

ኮላ አላወጣም። የሳሙና ሣጥን በሳ፣ የረጠበ ስፖንጅ ከተተበት፣ ከጊታሩ ጋር ሣጥን ውስጥ ዘጋው። «ሁለት ሳምንት» አለ፣ ሁለት ጣት አንሥቶ። ገባኝ፤ ቁጥር አውቃለሁ። ሜትር የማያነብ አናጢ የለም።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

ስንጥቁ ገጥሟል! ሰው ሳይነካው። እንጨቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ እንጨት ዛሬም ያስገርመኛል።

ቶሚ ኮላ አስገባ። ከውስጥ በኩል ስንጥቁን የሚይዙ ትናንሽ የእንጨት ማያያዣዎች ያስፈልጉ ነበር። መላጊያውን ለኔ ሰጠኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ አምስት ዓመት መላጊያ አልያዝኩም። እጄ አልረሳም... አራቱንም እኔ ቆርጬ እኔ ላግኩ። አንዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ተናገረ።

«እጅዎ ግሩም ነው ይላል» አለች ሶልያና።

«እጄን አውቀዋለሁ። ያስቸገረኝ ጭንቅላቴ ነው በይልኝ።»

ነገረችው። ያ ሽማግሌ እስኪያስለው ሳቀ።

መጋቢት 4፣ እሑድ

ሶልያና ተጫወተች። ጠባሳው ከሦስተኛው ረድፍ ይታየኛል። ድምፁ? ያው ራሱ።

ጊታሩ አሁን የሚያድረው እሷ ዘንድ ነው። እኔ ነኝ ለኮሚቴው ስጧት ያልኩት። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የምትለካ ትንሽ ሰዓት መሳይ ነገር አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮል አደርጋታለሁ።

«ስንት ነው?»

«አርባ ስምንት፣ ጋሼ።»

«አርባ ስምንት ጥሩ ነው። ከአርባ በታች ከወረደ ስፖንጁን አርጥቢ።»

ትናንት ደግሞ ጎሳዬ መጣ። ለራሱ ሊገዛ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ካላዩት አልገዛም።» አሾፈብኝ መሰለኝና ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። ያው ሱቅ፣ ያው ፂማም። የቀዳዳውን ከንፈር አየሁ፣ አንኳኳሁ፣ አንገቱ ላይ አነጣጠርኩ። ዓይኔ አልተሳሳተም፤ ድሮም ምርጫው ላይ አልተሳሳትኩም! ወጥ እንጨት መረጥኩለት። ስንወጣ ሻጩ ስለ ክረምቱ ጀመረ። ጎሳዬ ወደ በሩ ሄደ፤ ክንዱን ያዝኩት።

«ቁም። ቀስ ብሎ ይድገመው በልልኝ።»

ጎሳዬ ሲተረጉምልኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ማታ ፋንታዬን ጥር 8 የተውናትን መስመር አውጪ አልኳት። «አሁን ልሙላት?» አለች። አትሙያት። እዚያ ባዶዋን ትታይ፤ የጊታሩም ጠባሳ ይታያል። ቃሉን እዚህ ጻፊው።

እኔ ምን አልኩ?

«አዎ፣ ብርድ ነው» አልኩ።