ጥርባ ላይ ያልታወቀልህ ፈገግታ

ለጴጥሮስ፣ ለእኔ ፈረንጅ፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እናትህ ያወጣችልህ ስም ፒተር ነው፤ ከተማችን ቆሰበር ግን በመጣህ በሳምንቱ ጴጥሮስ ብሎ ሰየመህ፤ መቃብርህ ላይም የተጻፈው እሱው ነው። ደህና ነኝ እንዳልልህ መዋሸት አልችልበትም። ደህና አይደለሁም እንዳልልህ ደግሞ ይኸው እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሰው እጣላለሁ። መጣላቱ እንዲያውም ብሶብኛል። ዛሬ የምጽፍልህ ባለፈው እሁድ በገዛ እጄ የሠራሁትን ሥራ ልነግርህ ነው። ስትጨርስ ብትቆጣኝም መብትህ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በሠልስትህ ማግስት መጥረቢያ ይዤ ቀርከሃ ወደምንሠራበት ቤታችን ገባሁና የሠራሃቸውን ወንበሮች በሙሉ ፈለጥኳቸው። ስምንት ቀን የፈጀብህን የሚወዛወዘውን ወንበር በመጀመሪያ። ወንድሜ አያሌው በሩ ላይ ቆሞ አየኝ እንጂ አልያዘኝም። መዳፌ ውስጥ የገባው ስንጥር ከወር በኋላ መግል ይዞ ወጣ። እናቴ አንዲት በርጩማ ጓዳ ደብቃ አትርፋልሃለች፤ አሁን የምጽፍልህ እሷ ላይ ተቀምጬ ነው። ሥራውን ከመንፈቅ በኋላ መልሼ ጀመርኩት። ቀርከሃውን አሁንም አንተ እንዳሳየኸኝ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አቆየዋለሁ፤ እስካሁን ነቀዝ አልደፈረውም። ሞተር ሳይክልህ ከቤቱ ጀርባ ቆማለች። የጎረቤት ዶሮ ወንበሯ ላይ ያድርባታል፤ አባርሬ አባርሬ ሰለቸኝ።

እዚህ ስትመጣ ከሆላንድ በቀጥታ የመጣህ መስሎን ነበር። አንተ ግን ዘጠኝ ዓመት ቬትናም ኖረህ፣ የቀርከሃውንም ሙያ እዚያ ተምረህ ነበር የመጣኸው። ለዚህ ነው ሌላው ፈረንጅ የሚደነግጥበት ነገር አንተን የማያስደነግጥህ። አጎቴ ገና ሳይቀመጥ ዕድሜህን፣ ደሞዝህን፣ እስከዛሬም ለምን እንዳላገባህ ሲጠይቅህ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አንተ ግን ሃኖይ ያለችው አከራይህም በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችህ ይህንኑ እንደነበር ነግረኸው አንድ በአንድ መለስክለት። እዚያ "ወፍረሃል" ሲሉህ ተቀይመህ ሁለት ቀን እራትህን ትተህ ነበር፤ እዚህ ሲሉህ "አሜን" ማለት ለመድክ። ዕቃ በሁለት እጅ ስትቀበል አይታ እናቴ "ይሄስ ያሳደገው ሰው አለ" ብላ መረቀችህ። ያሳደጉህ የሃኖይ ሰዎች መሆናቸውን አላወቀችም።

ሁሉም ግን በምርቃት አልነበረም የተማርከው። እዚያ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው የሚበላው ብለህ አጫውተኸኛል። አንድ ቀን እንጨቶቹን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርገህ ተክለህ ለወሬ ዞር ስትል የቤቱ አሮጊት ጣትህን በማማሰያ መታችህ። ለካ እንዲያ የሚተከለው ለሙታን በሚቀርብ ሩዝ ላይ ብቻ ነው። ጣትህ አብጦ ሰነበተ። መንገድ መሻገሩንም ከዚያው ይዘኸው መጣህ። ሰው ሳይሮጥ ሳይቆም ቀስ ብሎ ከተሻገረ ሞተሩ ሁሉ ግራና ቀኝ ይከፈልለታል ብለህ ቆሰበር መሃል ሞከርከው። ባለ ባጃጁ ወርዶ በጥፊ ሊልህ ትንሽ ነበር የቀረው። እኔ መሃል ገብቼ አዳንኩህ፤ ታስታውሳለህ።

የቱዋንን ታሪክ የነገርከኝ ያን ቀን ነው። ሃኖይ በገባህ በሦስተኛ ወርህ፣ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ በሞተር ገጭቶ ጣለህ። ክንድህ ተላጠ፣ ሱሪህ ተቀደደ። ሰውዬው ሞተሩን አቁሞ መጣና ፈገግ አለ። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ሳለ ቆሞ ሲስቅብህ ደምህ ፈላና በቡጢ አፉን አልከው። ሁለት ጥርሱ ወለቀ። ደሙ አገጩ ላይ እየወረደ አሁንም ፈገግ አለ፤ ሌሎች ባይዙህ ትደግመው ነበር። በማግስቱ ሚስቱን አስከትሎ ከነከረጢት ማንጎው ደጅህ ቆመ። አሁንም ሊያላግጥብህ የመጣ መሰለህ። ጎረቤትህ የነበሩት ሽማግሌ መምህር ናቸው አስቀምጠው ያስረዱህ፦ እዚያ ሰው ሲያፍር፣ ሲጨንቀው፣ ይቅርታ የሚልበት አፍ ሲያጣ ፈገግ ይላል። ፊቱን በእጁ እንደ መሸፈን ነው። አንተ ያን ማታ አለቀስክ። ቱዋን ቀርከሃ ሠሪ ነበር። የምታውቀውን ሁሉ ያስተማረህ ያ ጥርሱን ያወለቅከው ሰው ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል የእኛ ሰው። የእናንተ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ቱዋን ረሳው፣ አንተ አልረሳኸውም። ያ ፈገግታም ቀስ በቀስ ፊትህ ላይ ሰፈረ። ስንጣላ ታደርገው ነበር። "ምን ያስቅሃል!" እያልኩ ስንት ዕቃ እንደወረወርኩብህ አንተ ታውቃለህ። ውሃ መቅጃው የተሰነጠቀው በዚያ ነው።

ጥርባ ላይ በሞትክበት ቀን የሆነውን የነገረችኝ እዚያ ለሌላ ሰው ቀብር የመጣች አንዲት ሴት ናት። እስካሁን ሙሉውን በአፌ ተናግሬው አላውቅም፤ ላንተ ግን መጻፍ አለብኝ። ከጥሊሊ ስትመለስ ከፊትህ አስከሬን ይሄድ ነበር። ሟቹ ፈረሰኛ ስለነበር ፈረሱን አልብሰው፣ ጭነው፣ ኮርቻው ባዶውን ከቃሬዛው ኋላ ይስቡታል። አስከሬን ሲያልፍ ቆሞ ማሳለፍ እንደሚገባ አስተምሬህ ታውቅ ነበር፤ እንደ ደንቡም ፍጥነትህን ቀነስክ። ከመቆምህ በፊት ግን አንዴ፣ ቀስ አድርገህ፣ የሞተርህን ጡሩንባ ነፋህ። እዚያ ሃኖይ ጡሩንባ "አለሁ፣ እንዳትደነግጡ" ማለት ነው። ጨዋነት ነው። ፈረሱ ግን ሃኖይ አልኖረም። በርግጎ ሳቢውን ጥሎ ቃሬዛውን በደረቱ ገጨው። ከፊት የተሸከመው ይስማው የሚባለው የሟቹ ወንድም ነበር፤ ትከሻው ከዳውና የወንድሙ አስከሬን ከነመገነዙ ጭቃው ላይ ወደቀ። የእናትየው ጩኸት ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ተሰማ አለችኝ ሴትዮዋ።

አንተም ከሞተሩ ወርደህ፣ የራስ መከላከያህን አውልቀህ፣ ፈገግ አልክ።

የሚጮኹብህ በአውኛ ነበር፤ አንድ ቃል አልገባህም። የመጀመሪያው ዱላ ጆሮህ ላይ አረፈ። ሴትዮዋ እንዳለችኝ ከዚያም በኋላ ፈገግ እንዳልክ ነበር፤ ያ ነው ያሳበዳቸው። ዱላው ከዚያ ወዲያ አልተቆጠረም። በዱላ፣ በድንጋይ፣ በእርግጫ። ሬሳህን ያጠበችው እናቴ ናት፤ እኔን አላስገባችኝም፤ ደሙን ያጠበችበትን ውሃ ግን ስታፈስስ አየሁት። አልጠራ ብሏት አራት ጊዜ ቀየረችው።

ፖሊስ አምስት ሰው ይዞ ለቀቀ። ያየ ሁሉ አላየሁም አለ። አያሌውም እንዲህ አለኝ፦ "ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ነው፣ ደሙን የሚመልስለት የለም ብለው ነው። እኔ ግን አለሁ። ማን እንደሆነ ብቻ ልወቅ።" አትፍረድበት። ሚዜህ ነበር፤ ቀርከሃ መቁረጥም ካንተ ነው የተማረው። እኔም "ተው" አላልኩትም። እውነቱን ልንገርህ፤ ብዙ ቀን ልቤ "ግደልልኝ" ሲል ነው የዋለው። ቅዳሴ ቆሜም ቢሆን።

ከዚያ በዚህ ፆም ሽማግሌ ተላከብኝ። ማንም ሳይጠይቀው ይስማው ራሱ ለንስሐ አባቱ ተናዞ፣ የመጀመሪያውን ዱላ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ ብሎ እርቅ ለመነ። "ልጄ፣ እኛ አላመጣነውም፤ ደሙ ራሱ አፍ አውጥቶ ነው ያመጣው" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። አያሌው ጥግ ላይ ተቀምጦ ስሙን ሰማ። እኔም ፊቱን አውቀዋለሁና የሰውዬው ዕድሜ አሁን በእኔ ቃል ላይ እንደተንጠለጠለ ገባኝ። ታርቄያለሁ ካልኩ ይኖራል፤ እምቢ ካልኩ ሳምንት አይሞላውም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ብሳናው ሥር ተሰበሰብን። አያሌው ጋቢ ደርቦ መጣ፤ ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ይስማው እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከሩቅ መጣ። ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር። ቀጭን ነው። እግሬ ሥር ተንበርክኮ ድንጋዩን አወረደና "እመቤቴ፣ በወንድሜ ሬሳ የሳቀብኝ መስሎኝ ነው" አለ። ይቅር በይኝ ሊል ሲጀምር አላስጨረስኩትም።

በቡጢ አፉን አልኩት። ሴት ልጅ በጥፊ ነው የምትመታው ትለኝ የነበረው ቀርቶ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ፣ አጥንቴ እስኪጮህ። ሽማግሌዎቹ "በእርቅ መሃል! በእርቅ መሃል!" እያሉ ተነሡ። ይስማው በጀርባው ወደቀና እንደገና ተንበረከከ። ጥርሱ ከንፈሩን በጥሶት ደሙ ነጠላው ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ብሎ አየኝ።

ፈገግ አለ።

ጴጥሮስ፣ ያው ነው። አንድ ፀጉር ልዩነት የለውም። ሃኖይን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ፣ ከጥርባ ወጥቶ ዳንግላን የማያልፍ ሰው፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ከነደሙ ያንን ያንተን ፈገግታ አሳየኝ። መድረሻ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ስንት ዓመት ሳህን ስወረውርበት የኖርኩት እሱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያንተን ስም ጠርቼ ብጮህ ደስ ባለኝ፤ ጊዜ ግን አልነበረም። ከኋላዬ አያሌው "ይስቅብናል!" ብሎ ሲጮኽና ጋቢው ሲገለጥ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተበተነ።

ዞሬ መሃል ቆምኩ። ወንድሜ በጠመንጃው አፈሙዝ ደረቴን ገፋኝ፤ ገላዬ ላይ ክብ ምልክት እስካሁን አለ። "አልሳቀም" አልኩት፤ "አያሌው፣ እየሳቀ አይደለም። አፍሮ ነው። ጴጥሮስም አፍሮ ነበር።" ምራቄ ይረጭ ነበር፣ ግን አልተነቃነቅኩም። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ጠመንጃውን አውርዶ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ያለቀሰው ላንተ ነው፤ በቀብርህ ቀን አላለቀሰም ነበር።

ይስማውን ይቅር ብዬዋለሁ አልልህም። አላልኩም፤ ሽማግሌዎቹም አላስገደዱኝም። ከዚያው ተነሥቶ፣ አፉን በነጠላው እንደያዘ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ፍርዱን ዳኛ ይስጠው። እኔ የማውቀው አልተገደለም። ያን ቀን ጥርባ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከፊትህ እንዲህ ቢቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር፤ ቤት ሆነን ስንጨቃጨቅ እናመሽ ነበር። ለምን አልነበርኩም እያልኩ ራሴን የበላሁበት ዓመት አልፏል። እሁድ ግን ነበርኩ።

ጣቴ ላይ ጥርሱ የቀደደው ቁስል እየሻረ ነው። ጠባሳ ይተዋል አለኝ ሐኪሙ፤ ይተው። አስከሬን ሲያልፍ ቆሜ በማሳልፍ ቁጥር፣ ቀርከሃ በፈለጥኩ ቁጥር፣ እጄን እያየሁ አንተን አስታውሳለሁ። ከእንግዲህ ማንም ሲያፍር "ምን ያስቅሃል" አልለውም፤ ቃሌ ነው። በርጩማህንም ማንም አይፈልጣትም፣ እኔም ብሆን። አውኛም ይናገር አማርኛ፣ በዚህ አገር ያ ፈገግታ ምን እንደነበር በገዛ እጁ መትቶ ያወቀ ሰው እስከ እሁድ ድረስ አልነበረም። አሁን ሁለት ነን፤ እኔና የገደለህ ሰው።

ያንተው ሙሉ