ሊበንን ከሸራ ጀርባ ማስቀመጤ

ለምወድህ ልጄ ለታ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? የዶሃ ሙቀት ጋብ አለላችሁ ወይ? ፈናንን ወገቧን ተሻላት? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኛ ጌታ ይመስገን አለን፤ ይህ መኖር ከተባለ። ወንድምህ ኤቢሳ ካረፈ ሦስት ወር ሞላው፤ እኔ ግን ዛሬም በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔም አለቅሳለሁ። ስለዚህ ጎረቤታችን ዙቤዳ ወደዚያ ስትመለስ እንድታደርስልኝ ይህን ቀስ እያልኩ ጻፍኩት።

ነገሩ ስለ ኤቢሳ ጎሚስታ ነው። መስማት የተሳነው ሊበን ደንበኛ ያሸሻል፣ ጆሮ ያለው ሰው ይቀጠር ብለኸኝ ነበር። ማሰናበቱን አንጀቴ እምቢ አለ። እናም ሸራ ጋረድኩና ከጀርባው አስቀመጥኩት፤ ጎማውን ከደንበኛ እየተቀበልኩ የማቀብለው እኔ ሆንኩ። ብልሃት መስሎኝ ነበር። ሊበን አልተቆጣም፤ ምሳውን ከእኔ ጋር መብላት ግን ተወ።

ልጄ፣ ጭራሽ ባሰ። ባጃጆቹ በፊታችን እያለፉ ታች ካለው ጎሚስታ ይቆማሉ። ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ፤ የሚመጣ ሥራ ግን የለም። ሐሙስ ዕለት ባለ ባጃጁን ነስረዲንን አስቁሜ ምን በደልኳችሁ አልኩት።

«አዴ ወርቅቱ፣ ኤቢሳ ሲሞት ሊበንን ያባረሩት መስሎን እኮ ነው» አለኝ። «ሌላው ውኃ ውስጥ ሲነክር ይውላል፤ ሊበን ግን ጉንጩን አስጠግቶ በሚወጣው አየር ነው ቀዳዳውን የሚያገኘው። ደግሞም ሐሜታችንን አይሰማ! ከዚህ የተሻለ ወዳጅ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሳቀ።

ሁሉም እንደ ነስረዲን ነው አልልህም። ሊበንን እያየች «እዚህ የማሠራው ለጽድቅ ብዬ ነው» የምትል አንዲት ባለ መኪና ነበረች፤ ኤቢሳ «ለጽድቅ ጸሎት ቤት ሂጂ፣ እዚህ የሚጠገነው ጎማ ነው» ብሏት ያውቃል።

ዓርብ ጠዋት ሸራውን አወረድኩት። መጀመሪያ የመጣው ባለ ፒክአፕ ሊበንን አየና «ይሄ ነው እንዴ የሚሠራልኝ?» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ያልከው እውነት ይሆን እንዴ አልኩ በልቤ። ወዲያው ነስረዲን የተነፈሰ ጎማ ይዞ ደረሰ። ሊበን ጀርባውን ሰጥቶናል። ኤቢሳ ሲጠራው የወለሉን ሳንቃ ሁለት ጊዜ በእግሩ ይመታ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ሊበን ንዝረቱን በእግሩ ያውቀዋል። ኤቢሳ ከሞተ ወዲህ ያንን ሳንቃ የመታው አልነበረም። እኔ መታሁት፤ ሁለት ጊዜ። ሊበን ከመቅጽበት ዞረ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ከራሴ በላይ ነው፣ የኤቢሳ ፊት ከሚሆንበት ላይ። ቆይቶ ወደ እኔ ወረደ።

ልጄ፣ ኤቢሳን የምጠብቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሊበንን አስወጪ አትበለኝ። የሚሄደው ደንበኛ ይሂድ። ያን ዕለት ምሳ አብረን በላን።

አባትህ ዲሪባ በርታ ብሎሃል፤ ብርዱ ቢጠናበትም ከቤት አይውልም። ሊበን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታውን አሳይቶኛል። ፈናንን ሰላም በልልኝ፤ የሕፃኑን ግንባር ሳምልኝ።

እናትህ ወርቅቱ
አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.