ስለ አርባ ሰባቱ ቢጫ አበቦች ለርዕሰ መምህሩ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መምህራንዎን በሙሉ ጤንነት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎንም ከነመስታወቱ ደኅና ሆኖ እንዲያገኘው ልባዊ ምኞቴ ነው። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለሁት መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችዎን የባዮሎጂ ፕሮጀክት በሙሉ የጠረዝኩ፣ የአንዷም ተማሪ አጎት ነኝ። «ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችና የመጥፋታቸው ምክንያት» የተሰኘው ይህ ፕሮጀክት ከታሰበው በላይ ስለተሳካ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። የእህቴ ልጅ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ የመማሪያ መጽሐፉ «ሊጠፋ ተቃርቧል» የሚለውን ትንሽ ቢጫ አበባ አግኝታ፣ ሦስት ቅዳሜ ተንበርክካ ቆጠረችው፤ አርባ ሰባት እግር ሆነ። አንዱን ሁለቴ እንዳትቆጥር በየአጠገቡ እንጨት ተከለች፤ ካርታም ሠርታ ለመምህሯ አሳየች። መምህሩ ለእርስዎ አደረሱ፤ እርስዎም «አርአያ የሚሆን ሥራ» ብለው ማኅተም አሳርፈው ካርታውን ሰሌዳው ላይ ለጠፉት። እህቴማ የልጇን ክብር ለማሳየት ጎረቤት አስከትላ መጥታ ነበር።

ሁለተኛ፣ «እያንዳንዱ ተማሪ የመረጠውን ዝርያ ከነሥሩ ነቅሎ፣ አድርቆ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይለጥፍ፤ ናሙና ያላቀረበ ከሠላሳው ነጥብ ሃያ አራቱን ያጣል» ስለሚለው መመሪያ እጅ እነሣለሁ። ካርታው ሰሌዳ ላይ እያለ ሌላ ዝርያ ፍለጋ ማን ይደክማል? ዝሆንን የመረጡት ሳይቀሩ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ዝሆንን ከነሥሩ መንቀል እንደሚያስቸግር መቼም ለእርስዎ አይነገርም።

ሦስተኛው የእኔው ሱቅ ጉዳይ ነው። ጥራዞቹ ሁሉ ሦስተኛው ገጽ ላይ አብጠው አልገጥም ሲሉኝ እንደ ባለሙያ ተናድጄ ነበር። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለጥኩና ቆጠርኩ፤ አርባ ሰባት። ዘግይተው ሄደው ያልደረሳቸው አሥራ አራቱ ሣርም ሌላም ያገኙትን ለጥፈዋል። ከእነሱ አንዱ የለጠፈው የፕላስቲክ አበባ ሃያ ሰባት እንዳገኘ ኋላ ሰማሁ፤ ፕላስቲክ በቀላሉ እንደማይጠፋ ግን እዚያው የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ሙጫው የእኔ ነውና ከጥፋቱ ድርሻዬን አልክድም።

አራተኛ። የእህቴ ልጅ በናሙናው ፈንታ አበባውን በልኩ፣ ከነቅጠሉ ጅማት ስላ አቀረበች። ስድስት ተሰጣት። ለምን ብላ ስትጠይቅ መምህሩ «ሳይነቀል መኖሩን በምን እናምናለን? በይ እስከ ሰባት ሰዓት አንድ አምጪና አስተካክልልሻለሁ» አሏት፤ ቸርነታቸውን አልረሳም። ልጅቱም ጨክና ሄደች። የጠበቃት አርባ ሰባት እንጨትና አርባ ሰባት ጉድጓድ ነው። ባዶ እጇን ወደ ሱቄ ገብታ «ጋሼ፣ እንጨቱን ባልተክል ኖሮስ?» አለችኝ።

በማግስቱ በሩ ላይ «ብዝኀ ሕይወታችንን እንጠብቅ» የሚል ጨርቅ ሰቅለዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በዚህኛው ግን በልቶ ሲያበቃ የጮኸው ራሱ ጅቡ ይመስለኛል። ይህን ማለቴ ትምህርቱ ስለ እንስሳትም ስለሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ውጤት ተጠቃሎ የሚላከው ዓርብ ነው። ልጅቱ በዚህች ስድስት ባዮሎጂ ከወደቀች ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል አይቀበላትም። ስልሳ አንድ ጓደኞቿ የመጥፋቱን ምክንያት በተግባር አስረድተዋል፤ ይገባቸዋል። አበባው በሕይወት ሳለ የት፣ ስንት፣ ምን ይመስል እንደነበር የመዘገበችው ግን እሷ ብቻ ናት። በትምህርት ቤትዎ ውስጥ ያ አበባ ሥሩ መሬት ውስጥ ሆኖ የሚታየው በእሷ ሥዕል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቢያንስ ከፕላስቲኩ እኩል እንዲታረምላት በትሕትና አመለክታለሁ።

የሚመጣው ዓመት ፕሮጀክት ስለ እድሜ ጠገብ ዛፎች እንዳይሆን እየተማፀንኩ፣ ሙጫ ባልለቀቀው እጄ እጅ የምነሣ፣

የበርዎ ፊት ለፊት መጽሐፍ ጠራዥ

ካሸግኩት በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሱቄን ስጠርግ ከወረቀት መቁረጫው ሥር ከተለጠፉት አበቦች የረገፉ አሥራ አንድ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች አገኘሁ። የእህቴ ልጅ በባዶ የሙጫ ቆርቆሮ ዘራቻቸው፤ ሁለቱ በቅለዋል። ቆርቆሮው የት እንዳለ ስለማልነግርዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለጊዜው ዝርያውን ከመጥፋት የሚያድነው ትምህርት ቤትዎ አለማወቁ ብቻ ነው።