ለእማዬ የላክሽው የወይራ ዘይት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለሰብሌ፣ ቤሩት።

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ እንደምን አለሽ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? በሳሙና የተላጠው እጅሽስ ዳነልሽ? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? መዳምሽስ እንደ ሰው ትይዝሻለች? አራት ዓመት ሙሉ ዓይንሽን ሳላይ በወረቀት ስጠይቅሽ አንጀቴ ይቃጠላል። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። ደህና አይደለንም ሰብሌ። እማዬ ደህና አይደለችም።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትይኝ ይሆናል። እንዴት አድርጌ! በሞላ ሱቅ ስልክ በደወልሽ ቁጥር እማዬ ተደግፋም ቢሆን አብራኝ ትመጣለች። አጠገቤ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ምን ብዬ ልንገርሽ? ስለዚህ ይህን ለእረፍት መጥታ በምትመለሰው በእየሩስ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ዘይቱ ለጥምቀት ሰሞን ደረሰን፣ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ። መዳምሽ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ ማንኪያ እንደምትጠጣው፣ አንጀት እንደሚያለሰልስ፣ እሷን የሚያስቸግራትን የሆድ ድርቀት እንደሚፈታ ነግረሻት እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም። እኛ አገር ወይራ ለጋን ማጠኛና ለጥርስ መፋቂያ እንጂ ዘይት ይወጣዋል ብሎ ማን አስቦ? እሷ ግን «ጌታ ሥሩ የጸለየበት ዛፍ ነው፤ ልጄ ከዚያው አገር አጠገብ ላከችልኝ» አለች፣ በቃ። ጠርሙሶቹን ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አስቀምጣ ሆዷን ትቀባበት ጀመር። መጠጣት የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቱም ሰማ። ጉልበቱን ያመመው፣ ራሱን የፈለጠው፣ ልጅ ያለቀሰባት ሁሉ እየመጣ አንደኛው ጠርሙስ በሰው ግንባር ላይ አለቀ። ስቆጣ «አንቺ ደግሞ ምን ያሰስትሻል?» ትለኛለች።

ያስቆሟት የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። «ይህ ሜሮን አይደለም፣ የሚበላ ዘይት ነው፤ ይልቅ ጠጪው» አሏት። እሺ አለች። ግን መቼ? አንቺ ጠዋት በባዶ ሆድ ብለሻል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ገባ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ውኃ የማትቀምስ ሴት ጠዋት ዘይት ልትጠጣልሽ! አባ «ለበሽተኛ ይፈቀዳል» ቢሏት «እኔ ምን በሽተኛ ነኝ፣ መድኃኒቴ መጥቶልኛል» ብላ እርፍ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አማትባ አንድ ማንኪያ ትወስዳለች፣ ከዚያ ሁለት ጉርሻ ቆሎ፣ አለቀ።

እየከሳች ሄደች። ልብሷን የማጥበው እኔ ነኝና ደም አየሁበት። ባሌ ደባሱ ሰው ሰብስቦ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሳት። የመረመራት ልጅ ደግ ነው፣ በእርጋታ ነው ያስረዳት፤ «ዘይቱ ጥሩ ነው እናቴ፣ ውኃ ከጠጡ፣ ጎመንም ከበሉበት ለድርቀት ይረዳዎታል። ደም ግን በዘይት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ከስተውም ዝም አይባልም። ደሴ ሄደው አንጀትዎ በመሣሪያ ይታይ» ብሎ ወረቀት ጻፈላት። እሷ ግን «ሰብሌ የላከችልኝን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም» አለች። ወረቀቱ ከትራሷ ሥር ተቀምጧል።

ክፉ ነሽ አትበዪኝ እንጂ መሮኛል። የማነሳት እኔ፣ የማስተኛት እኔ፣ የማጥባት እኔ። እሷ ግን ለመጣው ሁሉ «ያቺ ሩቅ ያለችው ልጄ አሰበችልኝ» ነው ወሬዋ። አጠገቧ ያለሁት ምኗ ነኝ? አንቺም በደወልሽ ቁጥር «ዘይቱን ጠጪ፣ አይዞሽ፣ ያድንሻል» ትያታለሽ። መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው? መዳምሽ እኮ ጤነኛ ናት! ሲርባት ትበላለች፣ ሲያማት ሐኪም ቤት በመኪና ትሄዳለች፤ ዘይቱ ጨምሮ ይስማማታል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ስሚ። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውም ጠርሙስ አለቀ። ተመስገን፣ አሁን ትነሳለች አልኩ። እሷ ግን ጠርሙሱን ገልብጣ ታቅፋው አለቀሰች፤ «ሲያልቅ ሰብሌም ያለቀችብኝ መሰለኝ» አለችኝ። ያኔ «በይ እንግዲህ ተነሺ፣ ደሴ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። አቃተኝ። ቆይቼ ከገበያ በገዛሁት የኑግ ዘይት ሞላሁትና «ሌላ ዕቃ ውስጥ ቀርቶ አገኘሁ» አልኳት። ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው፣ አይለይም። ቀምሳ አማተበችና «ዛሬስ ቀለለኝ፤ የልጄ እጅ መድኃኒት ነው» አለች። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከኀዘን አላውቅም። ሳልጨርስ አልሄድም ያለችውን ሴት መንገዷን በእጄ ዘጋሁባት። ዛሬ ብነግራት ደግሞ ከእኔ ምንም አትቀበልም።

እንግዲህ የሚሰማው ያንቺ ቃል ብቻ ነው። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ደውዪና «እማዬ፣ ዘይቱ ምግብ ነው፣ መድኃኒትሽ ደሴ ነው፣ ተነሺ» በያት። ሌላ ነገር አትጨምሪ። ጠርሙስም አትላኪ።

ደባሱ ሰላም ይልሻል፤ ከሥራው ቀርቶ ያንቺን ስልክ ይጠብቃል። ልጄ ትርንጎ ትስምሻለች። አባ ገብረ ሊባኖስ በጸሎታቸው አልረሱሽም። እማዬም ሰላም ብላሻለች። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ጋደም ብላለች፣ ምስጋና የምጽፍልሽ መስሏታል። «ዘይቱ አድኖኛል፣ ሌላ ትጨምርልኝ ብለሽ ጻፊ» ብላኛለች። የእሷንም ቃል የእኔንም ቃል ጽፌልሻለሁ፤ የማንን እንደምታምኚ አንቺ ታውቂያለሽ።

እህትሽ አልጣሽ
ላሊበላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.